የአባ ሰይፍ ፉከራ በቢከን ሂል

ፉከራ የሚወድ ወንድ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ አያርፍም። ከኋላው ትሪ ይዛ የቆመችውን ሴት ነው የምፈልጋት። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሲያትል ውስጥ፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ነው። ያኔ ገና ትኩስ ሙሽራ ነበርኩ። ተሾመ አዲስ አበባ መጥቶ፣ ሙሉ ልብሱን ከነክራቫቱ ግጥም አድርጎ፣ «የኤርፖርት ሴኩሪቲ ኃላፊ ነኝ» ብሎ ቤተሰቦቼን አሳምኖ አግብቶ አመጣኝ። ስደርስ ያየሁት ኃላፊነት ሲታክ ውስጥ፣ ከኤርፖርቱ ማዶ ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስታወት ዳስ ተቀምጦ ትኬት መቀበል ነበር። ሥራውን አልናቅሁም። እኔም እዚያው ሲታክ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበርና የሥራን ክብር አውቃለሁ። የናቅሁት ውሸቱን ነው። ትኬት መቀበል ምን ነውር አለው? ሰውየው ግን ያንን ዳስ አንድ ቀን ዳስ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ «ቢሮዬ» ነው የሚለው።

እንግሊዝኛዬ የሆቴል እንግሊዝኛ ነበር። ፎጣ፣ አንሶላ፣ ሳሙና፣ ይቅርታ፣ ደህና ዋሉ። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ተሾመ ነው የሚናገርልኝ። ሐኪም ዘንድ እኔን የሚያመኝን እሱ ያወራል። ሱቅ ውስጥ ሻጯ እኔን ጠይቃ እሱ ይመልሳል። አፌን ስከፍት «ዝም በይ፣ አክሰንትሽ ያሳፍራል» ይለኛል። የእሱን አክሰንት የሰማ ሰው ይኼ ቃል ከማን አፍ እንደወጣ ለማመን ይቸግረዋል።

የቤታችን ሦስተኛ ሰው እናቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ። እማማ ጥሩ ነው የምላቸው። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ አንደበታቸው እንደ ሚጥሚጣ የሚፋጅ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ መማርም አልፈለጉም። «እነሱ አማርኛ ይማሩ፣ እነሱ ብዙ ናቸው፣ ይቀላቸዋል» ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ተሾመ ከገበያ ማዕከል ረጅም ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ሳሎን መሀል ተንበርክኮ ከፈተው። ሰይፍ ነው። የጃፓኖችን አሠራር የመሰለ፣ ግን እንደ ጎራዴ ያልተቆለመመ፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ። ጥቁር አፎት አለው፣ በጥቁር ገመድ የተጠመጠመ እጀታ፣ አራት ማዕዘን የእጅ መከላከያ፣ ከሥሩም የሚቀመጥበት የእንጨት መደገፊያ። የተገዛበትን ሱቅ በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ። በፕላስቲክ ዘንዶና የሻማ ማስቀመጫ በሆነ የራስ ቅል መሀል ነው የተደረደሩት። ለቤት ማስጌጫ፣ ዕቃ መሰብሰብ ለሚወዱ ሰዎች የሚሸጥ ነገር ነው፤ ካርቶኑ ላይም ለዕይታ ብቻ እንደሆነ በትላልቅ ፊደል ተጽፏል። ተሾመ ካርቶኑን ቀዶ ጣለው።

እማማ ጥሩ ከሶፋቸው ሳይነሱ አዩት።

«ይኼ ምንድነው? የመጋረጃ ዘንግ ነው?»

«እማዬ፣ ሰይፍ እኮ ነው! የጃፓን ሚስጥራዊ ተዋጊዎች የሚይዙት ነው። ለማንም ዝም ብለው አይሸጡትም፣ ሰው አይተው ነው።»

«ታዲያ ለአንተ ምን ይሠራልሃል? ጃፓን ልትዘምት ነው?»

ተሾመ ሰይፉን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሱ የፈረስ ስም አወጣ፤ «አባ ሰይፍ»። እንደምታውቁት የፈረስ ስም ፈረስ ላለው ሰው ነው። ተሾመ የነበረው አሮጌ ቶዮታ ነው፤ እሱም ጠዋት ጠዋት ካልተገፋ አይነሳም ነበር። ቢሆንም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰይፉ ይወርዳል፣ ካፎቱ ይወጣል፣ በአየር ላይ ሁለት ሦስቴ ይወናጨፋል፣ እንግዳውም «ኧረ ጉድ» ይላል። ባዶ ቆርቆሮ ይጮኻል የሚሉት እውነታቸውን ነው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ዕቃ እያጠብኩ እንዳልሰማ ውሃውን አብዝቼ እከፍተዋለሁ።

ያ እሁድ መጣ። ተሾመ በዚያ ሳምንት ከዳሱ ወጥቶ የዳሶቹ ተቆጣጣሪ ሆኗል። ሌሎች ሰዎች ትኬት ሲቀበሉ ቆሞ እንዲያይ ለተሾመ ሰው ድግስ ያስፈልገዋል ወይ ብትሉኝ፣ እኔም ጠይቄው ነበር። «አንቺ ደግሞ ክብር አታውቂም» አለኝ። ስለዚህ ደገስን።

የተጠሩት እንግዶች ሁለት ነበሩ። አንዱ አቶ በላይነህ ናቸው፤ የከተማው ሐበሻ ሁሉ ሽማግሌ። ጢማቸውን እየደባበሱ «ትዳር ክቡር ነው» ከማለት ሌላ ምን እንደሚሠሩ ዛሬም አላውቅም። ሌላው ሲሳይ ነው፤ የተሾመ የሥራ ባልደረባ፣ ተሾመ ሲስቅ የሚስቅ፣ ተሾመ ሲያዝን የሚያዝን፣ የራሱ ፊት የሌለው ሰው። ሲሳይ ቪዲዮ ካሜራ ተከራይቶ መጥቷል። ሹመቱ ተቀርጾ አዲስ አበባ ለዘመድ ይላካል።

«ሹመት ያዳብር» አሉ አቶ በላይነህ ገና ከበሩ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተሾመም ሞቅ አለው። ሲሳይ ካሜራውን ትከሻው ላይ አወጣ።

«ቴሾ፣ ሬዲ ነኝ። ሶ ከመጀመሪያው ጀምር፣ አገር ቤት ያሉት ደንግጠው ይቅሩ።»

ተሾመ ሰይፉን አወረደ። ከሱፉ ላይ የእናቱን ጋቢ ደረበ። እማማ ጥሩ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ሲነሳ ቀና ብለው አዩት።

«ፉከራ እኮ ገድሎ ለመጣ ነው። አንተ ማንን ገድለህ ነው?»

«እማዬ፣ ፕሊስ፣ ካሜራው እየቀዳ ነው።»

ጀመረ። መሬቱን ረገጠ፤ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ምን አሉ ይሆን እያልኩ እኔ ወደ ወጥ ቤት ቢራ ላመጣ ሄድኩ። ድምፁ ግን ይከተለኛል።

«ዘራፍ! ዘራፍ! አባ ሰይፍ ነኝ፣
ስንት ባሕር ያልመለሰኝ፣
ስንት ፈረንጅ የሚፈራኝ!»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እሱን የሚፈሩት ፈረንጆች የመኪና ማቆሚያ ትኬታቸው የጠፋባቸው ብቻ ናቸው። አቶ በላይነህ ግን «ወንድ! እሰይ የኔ አንበሳ!» እያሉ ያሟሙቃሉ። ትሪውን ይዤ ወደ ሳሎን ስወጣ ተሾመ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ሰይፉን በሁለት እጁ አነሳና በሙሉ ኃይሉ እየዞረ ሰነዘረ።

ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የሆነ ነገር ቀኝ ክንዴን መታኝ። አላመመኝም። ትሪው ወደቀ፣ ቢራው ምንጣፉ ላይ ተንፎለፎለ፣ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ምንጣፉን ማን ያጸዳዋል ብዬ ነው። እጅጌዬ ሲሞቀኝ ዝቅ ብዬ አየሁ። ከክርኔ በላይ ያለው ሥጋ ተከፍቷል። ስለቱ ከእጀታው ተነቅሎ፣ በርሮ፣ እኔን መትቶ፣ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል።

ተሾመ ባዶ እጀታውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። የሚገርማችሁ «ዘራፍ»ን አላቋረጣትም። አንድ ጊዜ ደገማት፣ ድምፁ እየሰለለ። ካሜራውም አልቆመም።

እማማ ጥሩ ቀድመው ደረሱልኝ። ሶፋው ሥር አስቀመጡኝና ክንዴን በነጠላቸው ጫፍ ጭምቅ አድርገው ያዙት።

«ሐኪም ቤት ውሰዳት» አሉ።

«ቡና!» አሉ አቶ በላይነህ። «የተፈጨ ቡና አምጡ፣ ይነስነስበት፣ ደሙን ቀጥ ያደርገዋል።»

«የምን ቡና ነው! ሥጋዋ ተከፍቶ እየታየ! ተሾመ፣ መኪናህን አስነሳ እያልኩህ ነው።»

«እማዬ፣ አንዴ ቆይ። ኦኬ? አንዴ ላስብ» አለ ተሾመ። እጀታውን አሁንም አለቀቀውም። «ሆስፒታል ከወሰድናት በምን ተወጋች ይላሉ። በሰይፍ ካልን ለፖሊስ ኮል ያደርጋሉ። የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪዬ ደርሷል። ሪከርድ ይሆንብኛል።»

«እውነቱን ነው» አሉ አቶ በላይነህ። «የቤት ገመና በቤት ያልቃል። ሰብለ፣ ልጄ፣ አይዞሽ፤ ትንሽ ነገር ነው።»

ጣቶቼን ለማንቀሳቀስ ሞከርኩ። አውራ ጣቴ ታዘዘ፤ ሌሎቹ እንቢ አሉ። «ጣቶቼ አይታዘዙኝም» አልኩ። «ድንጋጤ ነው» አሉኝ አቶ በላይነህ፣ ከወጥ ቤታችን ቡና ያለበትን ቆርቆሮ ይዘው እየመጡ። በእነዚያ ጣቶች ነው አንሶላ የምወጥረው፤ በእነሱ ነው እንጀራዬን የምበላው። ሳሎኑ ውስጥ ይኼ የገባቸው አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው።

እማማ ጥሩ ስልኩ ጋ ሄዱ። እሳት ቢነሳ የሚጫኗቸውን ሦስት ቁጥሮች ያሳየኋቸው እኔ ነበርኩ። ተጫኑ። ስልኩ ከጭንቅላቴ በላይ ስለነበር ወዲያ ያለችውን ሴት እሰማታለሁ።

«ሰይፍ!» አሉ እማማ ጥሩ። «ሰይፍ ነው! ሰይፍ!»

ሴትየዋም «ሴፍ?» አለች። «ዩ አር ሴፍ?»

እንግሊዝኛ ለማታውቁ፣ ሴፍ ማለት ደህና ነው፣ አደጋ የለም ማለት ነው። ሴትየዋ ደህና ነዎት ወይ ብላ ነው የጠየቀቻቸው። እማማ ጥሩ በመጨረሻ የሰማቸው ሰው በማግኘታቸው ራሳቸውን በኃይል እየነቀነቁ «ሰይፍ፣ ሰይፍ፣ አዎ!» አሉ። በሁለት ቋንቋ ፍጹም ተስማሙ። ሴትየዋን አልወቅስም፤ የሰማችው የምታውቀውን ቃል ነው።

እኔ ገብቶኛል። «ኖ» ልል አፌን ስከፍት ተሾመ መጥቶ ስልኩን ከእናቱ እጅ ወሰደ። ክራቫቱን አስተካከለ፤ በስልክ የምታየው ይመስል። ለእኔ ሐኪም ዘንድ በሚናገርበት፣ ለባንክ በሚናገርበት በዚያው ድምፁ ተናገረ።

«የስ ማዳም። ማይ ማዘር። ኖ ፕሮብሌም፣ ስሞል ፓርቲ። ኤቭሪባዲ ኢዝ ሴፍ። ታንክ ዩ ቬሪ ማች።»

ዘጋው። እግሩ ሥር ተቀምጬ እየደማሁ ነው ሁላችንም ደህና ነን ያለው። በዚያች ደቂቃ ከልቤ ወጣ። ጠላሁት ልላችሁ ነበር፤ አይደለም። ጥላቻ እንኳ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእሱ ይበዛበታል። ናቅሁት።

እማማ ጥሩ በሩን ከፍተው ወጡ። ከፊት ለፊታችን ሮሳ የምትባል ፊሊፒናዊት ትኖር ነበር፤ ደግ ሴት ናት፣ ከእማማ ጥሩ ጋር በምልክት ሰላም ይባባላሉ። የሮሳ በር ሲንኳኳ ሰማሁ። ከዚያ «ሰይፍ! ሰይፍ!» ቀጥሎም የሮሳ ደስ ያለው ድምፅ፤ «ሴፍ! ኦኬ፣ ኦኬ! ጉድ!» በሩ ተዘጋ። እማማ ጥሩ ተመልሰው ገቡ። ማንንም አላዩም። ቀጥ ብለው ግድግዳው ሥር ሄደው ደሜ ያለበትን ስለት አነሱ።

«ቃሉ ካልገባቸው ራሱን ያዩታል» አሉና ወጡ።

ሮሳ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። በሯን ቆልፋ ስልክ ላይ ስታለቅስ ኮሪደሩን አልፎ ይሰማናል። ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ደም የነካው ስለት ይዘው ከበሯ ላይ ቆመዋል፤ ምን ታድርግ? ተሾመ ምን እንዳደረገ ግን ስሙ። እናቱ ውጭ እያሉ የራሱን በር ዘጋ። ቆለፈው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ሰው እንዳያየን ነው። አሁን ትመለሳለች።»

የፖሊስ መኪና ድምፅ ብዙም አልቆየም። ሲሳይ እጀታውን ከተሾመ እጅ ነጥቆ ሶፋው ትራስ ሥር ደበቀው፣ ካሴቱንም ከካሜራው አውጥቶ ኪሱ ከተተና ወጥ ቤት ተሸሸገ። ያንን ካሴት በኋላ ኳስ ጨዋታ እንደቀዳበት ነግሮኛል፣ ሳያፍር። አቶ በላይነህ የቡናውን ቆርቆሮ እንደያዙ መታጠቢያ ቤት ገቡ፤ ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። አባ ሰይፍ በበሩ ቀዳዳ ውጭውን ያያል።

«ድሮፕ ኢት! ድሮፕ ኢት!» የሚል የወንድ ድምፅ ከደረጃው መጣ። ጣይው፣ ጣይው ነው የሚላቸው።

«ልጄ ውስጥ ናት!» ይላሉ እማማ ጥሩ። «ይኸው እዩት! ሰይፍ ነው!»

«ምን ያደርጋሉ?» አልኩ።

«ከፍ አድርጋ እያሳየቻቸው ነው» አለ ተሾመ። «ሽጉጥ አውጥተዋል።»

«ንገራቸው እንጂ! ውጣና ንገራት! ይተኩሱባታል!» ከድንጋጤ የተነሳ አንቱታውን እንኳ ረሳሁት።

«ዝም በይ» አለኝ በሹክሹክታ፣ ዓይኑን ከቀዳዳው ሳያነሳ። «አሁን ከወጣሁ በእኔ ላይ ነው የሚሆነው።»

የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የገዛ እናቱንም እንደማያስጥል ግን ተረቱ አልነገረኝም ነበር። ሶፋውን ተደግፌ ተነሳሁ። ክፍሉ ዞረብኝ። ግድግዳውን ይዤ በሩ ጋ ደረስኩና በደህናው ትከሻዬ ገፋሁት፤ እንደ ባዶ ኮት ወደ ጎን ሄደ። በግራ እጄ ቁልፉን ታግዬ ከፈትኩት።

እማማ ጥሩ ኮሪደሩ መሀል ቆመዋል። ስለቱን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ጥላ፣ ከራሳቸው በላይ ይዘውታል። ሁለት ፖሊሶች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ደረጃው ላይ ሽጉጥ ደግነዋል። ወንዱ ገና ወጣት ነው፣ ጣቱን ቃታው ላይ አድርጓል፤ ያ ከሁሉ አስፈራኝ።

«እማማ! ይጣሉት! መሬት ይጣሉት፣ ይተኩሳሉ!»

«ማስረጃው እኮ ነው፣ ልጄ!»

«ይጣሉት፣ በሞቴ!»

በሞቴ የምንባባለው ለጉርሻ ነው። አንዲት ጨምሪ፣ በሞቴ። ያን ቀን ከአፌ ስትወጣ ደሜ በጣቶቼ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። እማማ ጥሩ ዞር ብለው አዩኝና ስለቱን ለቀቁት። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ እንደ ድስት ክዳን እየነጠረ ተንከባለለ።

ወጣቱ ፖሊስ እማማ ጥሩን ከግድግዳው አስጠግቶ እጃቸውን ወደ ኋላ ያዘ። ሴቷ ወደ እኔ ሮጣ አስቀመጠችኝና ክንዴን አሰረችልኝ። ማን ነው ይኼን ያደረገው ብላ ጠየቀች። ያኔ ነው ባሌ የወጣው። አደጋው አልፏላ። ጋቢውን አውልቋል፣ ሱፉን ቆልፏል።

«ኦፊሰር» አለ፣ በሐዘን። «ማይ ማዘር፣ ኦልድ። ሺ ኢዝ ክሬዚ። ሺ ቱክ ዘ ሶርድ።» ጣቱን ጭንቅላቱ ላይ አዞረ።

ሶርድ ሰይፍ መሆኑ ከሁኔታው ገባኝ፤ ክሬዚን ደግሞ አውቃታለሁ። ሆቴሉ ውስጥ በየቀኑ የምትነገር ቃል ናት፤ እብድ ማለት ነው። የጣቱን ምልክት ደግሞ በየትኛውም አገር ያለ ሰው ያውቀዋል። እማማ ጥሩ ጉንጫቸው ግድግዳው ላይ እንዳለ ወደ እኔ አዩ።

«ምን አላቸው?»

ተሾመ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ዝም በይ ነው። በዚያ ዓይን ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። ፖሊሷ ፊቴን ታያለች፣ ተሾመም እንደልማዱ በእኔ ፋንታ ሊመልስላት አፉን ከፍቷል።

«ኖ» አልኩ። «ኖት ማዘር። ሂም። ሃዝባንድ። ሃንድል፣ ሶፋ። ቱ ሜን ኢንሳይድ።»

እናቱ አይደሉም፣ ባሌ ነው፣ እጀታው ሶፋው ጋ ነው፣ ውስጥ ሁለት ወንዶች አሉ ማለቴ ነው። በሕይወቴ ከተናገርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ እንደሱ የተበላሸ የለም። እንደሱ የተሰማልኝም የለም። ፖሊሷ ገብታ እጀታውን ከሶፋው ትራስ ሥር፣ ሲሳይን ከወጥ ቤት፣ አቶ በላይነህን ከመታጠቢያ ቤት አወጣች። እጀታው ውስጥ ስለቱን ይዛ የነበረችውን ብረት አሳየችኝ። እንደ እርሳስ የቀጠነች፣ የተሰበረች ቡሎን ናት። የአባ ሰይፍ ጀግንነት በሙሉ የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነበር።

የእማማ ጥሩን እጅ ለቀቁላቸው። አጠገቤ ተቀመጡና አምቡላንሱን እየጠበቅን ጥያቄያቸውን ደገሙት። ምን አላቸው? ልዋሻቸው አሰብኩ። ከዚያ እኔስ በእሳቸው ፋንታ የሚሰሙትን የምመርጥ ማን ነኝ አልኩ።

«እናቴ አብዳለች፣ እሷ ናት የወጋቻት አላቸው።»

እማማ ጥሩ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አላለቀሱም፣ አልረገሙም። «እሺ» አሉ ብቻ።

ክንዴ ተረፈ። ሐኪሙ ነርቩን ሰፍቶ ጣቶቼን መለሰልኝ፤ ትንሿ ጣቴ ብቻ ዛሬም ብርድ ሲመጣ እንቢ ትላለች። ሐኪም ቤቱ በስልክ አስተርጓሚ ጠራልኝ። አንዲት የማላውቃት ሐበሻ ሴት «እርስዎ የሚሉትን ብቻ ነው የምላቸው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ተሾመ አልነገረኝም ነበር። ለተሾመም አደጋ ነው ተብሎ ታለፈለት። ያንን ሁሉ የፈራለትን የዜግነት ቃለ መጠይቅም አለፈ፤ አሁን እጁን ልቡ ላይ አድርጎ መዝሙር የሚዘምር ዜጋ ነው። ይመቸው።

እናንተ ይኼን የምታነቡ ሴቶች፣ ባላችሁ በእናንተ ፋንታ የሚናገር ከሆነ ፍቅር ነው እያላችሁ አትሳቱ። ቋንቋውን እስክትለምጂ ነው ይላችኋል። ለመልመድ አፍ ያስፈልጋል፤ አፉን ደግሞ እሱ ይዞታል። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ኪራይ ተዋውያለሁ፣ ከአለቃ ተጣልቻለሁ፣ መኪና ገዝቻለሁ። የሳቀብኝ ሰው አለ። በሳቅ የተወጋ ሰው ግን አላየሁም። እናንተ ወንዶችም፣ ግድግዳ ላይ ብረት መስቀል ካማራችሁ ስቀሉ፤ ያምራል፣ አልክድም። ለዕይታ የተሠራ ነገር ሲታይ ደስ ይላል። አውርዳችሁ ስትፎክሩበት ነው ጉዱ።

ሽምግልናውን ሳልነግራችሁ አልቀርም። ከሐኪም ቤት ወጥቼ ወደ ተሾመ አልመለስም ብዬ፣ ክንዴ ገና በጨርቅ ተንጠልጥሎ ሳለ አስታራቂዎች ጠሩኝ። ሰብሳቢው ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አቶ በላይነህ፣ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው። ጢማቸውን እየደባበሱ «ትዳር ክቡር ነው» ብለው ጀመሩ። በደንቡ መሠረት የወንዱ ወገን በአንድ በኩል፣ የሴቷ ወገን በሌላ በኩል ይቀመጣል። ተሾመ ሲሳይን በቀኙ፣ እናቱን በግራው አድርጎ ተቀምጧል። በእኔ በኩል ያለው ሶፋ ባዶ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘመድ አልነበረኝም፤ ይኼን ሁሉም ያውቃል። አቶ በላይነህም እያወቁ ጠየቁ።

«የልጅቷ ወገን ማን ነው?»

አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ልመለስለት ትንሽ ነው የቀረኝ። ብቻዬን ነበርኩ፣ እጄ ይጠዘጥዘኛል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ። ምንጣፉን አቋርጠው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ በላይነህ ፈገግ አሉ። «እርስዎማ የልጁ እናት ነዎት እኮ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።»

«እሱ እናቴ እብድ ናት ብሎ ለአገሩ ፖሊስ ተናግሯል። እብድ ወገን ምን ያደርግለታል? ለእሷ ግን እብድም ቢሆን ይበቃታል።»

«እማዬ» አለ ተሾመ።

እማማ ጥሩ ወደ እሱ አላዩም። ደህናውን እጄን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙት፣ ለአቶ በላይነህም እንደ ደንቡ፣ ረጋ ብለው መለሱ።

«ልጃችንን አንሰጥም።»